የጠሪውን ማንነት በስልክ ድምፅ ስለ ማወቅ

በአገራችን ድምፅ ከፊደል አስቀድሞ መልእክተኛ ሆኖ የኖረ ነገር ነው። ነጋሪት ሲጎሰም አዋጅ መኖሩን፣ ደወል ሲደወል የጸሎት ሰዓት መድረሱን፣ የእድር ጡሩምባ ሲነፋ ከሰፈሩ ሰው ማረፉን ሕዝቡ አንድ ፊደል ሳያነብ ያውቅ ነበር፤ ጡሩምባው እንኳ ዛሬም በየሰፈሩ ይሰማል። በኪሳችን የምንይዘው ስልክም ይጮኻል፤ ነገር ግን የሚጮኸው ማን እንደ ጠራ ሳይለይ ለሁሉም በአንድ ድምፅ ስለሆነ፣ የመልእክተኛነቱን ሥራ የሚፈጽመው በግማሽ ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የጢያን ትክል ድንጋዮች አልፎ ወደ ቡታጅራ የሚወስደው መንገድ የሶዶ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ቡኢን ያቋርጣል። በዚህች ከተማ በገበያ ቀን አንድ ስልክ ሲጮኽ አምስት ሰው ኪሱን ይዳብሳል። ይህ ለጊዜው ያስቃል እንጂ ጉዳት የለውም። ጉዳት የሚኖረው በቤት ውስጥ ነው። ልጆቻቸው ለንግድና ለሥራ ወደ አዲስ አበባ የሄዱባቸው ብዙ ወላጆች በአካባቢው ይገኛሉ፤ ከነዚህም መካከል ማንበብ ያልተማሩ እናቶች አሉ። የልጁ ስም በስልኩ መስተዋት ላይ በጉልህ ቢወጣም፣ ለማታነበው እናት አልተጻፈም ማለት ነው። ስለዚህ ወይ የጎረቤት ልጅ ጠርታ ታስነብባለች፤ ይህም እስኪሆን ጥሪው ይቋረጣል፤ ወይ የጠራትን ሁሉ እንደ ልጇ ቈጥራ ታነሣለች። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የሚስጥር ቍጥርዎን ይንገሩን» የሚሉ አታላዮች ደግሞ የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ገንዘብ በስልክ መላክና መቀበል በተለመደበት በአሁኑ ጊዜ ነገሩ ቀላል አይደለም።

መድኃኒቱ ግን በእጅ ያለ ነው። በስማርት ስልክ ለእያንዳንዱ ጠሪ የተለየ ድምፅ መስጠት ይቻላል፤ ለዚህም ኮምፒዩተር አያስፈልግም።

ተንቀሳቃሽ ስልክ ወደ አገራችን በ1991 ዓ.ም. በገባ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያውቀው የጥሪ ድምፅ የፊንላንዱ የኖኪያ ኩባንያ ዜማ ነበር። ዜማው የተወሰደው ፍራንሲስኮ ታሬጋ የተባለው የስፔን ጊታር ተጫዋች በ1902 እ.ኤ.አ. ከደረሰው «ግራን ቫልስ» ከተባለው ድርሰት ነው። እንግዲህ ዓለም ሁሉ ለዓመታት በአንድ የስፔናዊ ዜማ ሲጠራ ኖሯል ማለት ነው! የዛሬው ስልክ ግን ማንኛውንም የተቀዳ ድምፅ ይቀበላል።

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር መለየት ይገባል። የቴሌ ድርጅት በክፍያ የሚሰጠው የጥሪ ማሳመሪያ የሚሰማው ለደዋዩ ነው። እኛ የምንነጋገርበት የጥሪ ድምፅ ግን የሚሰማው ለተጠሪው ሲሆን፣ ምንም አያስከፍልም።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። በአብዛኛዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ «ሪከርደር» የሚባል ድምፅ መቅጃ አብሮ ይመጣል፤ ከሌለም ከፕሌይ ስቶር በነፃ ይገኛል። ልጁ ለበዓል ወደ ቤት በመጣ ጊዜ የእናቱን ስልክ ይዞ፣ ነፋስና የመኪና ድምፅ በማይገባበት ክፍል ሆኖ፣ ስልኩን ከአፉ አንድ ስንዝር ያህል አርቆ በክስታንኛም ሆነ በአማርኛ «እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ አንሺው» ብሎ ይቅዳ። ከንግግሩ በፊት ዝምታ ገብቶ ከሆነ በመቀስ ምልክት ወይም «ትሪም» በሚለው ማዘዣ ቈርጦ ያውጣው፤ ስልኩ ሲጠራ ያ ዝምታ ከመደወያው ጊዜ ላይ ይቀነሳልና። ዘፈን የሚመርጥ ሰውም እንዲሁ ከመካከሉ ሃያ ወይም ሠላሳ ሴኮንድ ያህል ይቍረጥ፤ ከዚያ የረዘመው ሳይሰማ ይቀራል።

ቀጥሎ «ሴቲንግ» ተከፍቶ «ሳውንድ»፣ ከዚያም «ሪንግቶን» በሚለው ውስጥ የመደመር ምልክት ሲነካ የተቀዳው ድምፅ ተፈልጎ ይመረጣል። በዝርዝሩ ውስጥ ካልታየ በፋይል ማስተዳደሪያው አማካይነት ወደ «ሪንግቶንስ» ማኅደር ማዛወር ነው። ይህ ድምፁን ለጠሪ ሁሉ የሚያደርግ ነው። ለአንድ ሰው ብቻ ለመስጠት ግን በስም መዝገቡ ውስጥ የዚያን ሰው ስም ከፍቶ፣ በማስተካከያው ወይም በሦስቱ ነጥቦች ሥር «ሪንግቶን» የሚለውን መምረጥ ይገባል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይቸገራሉ። ስሙ የተመዘገበው በሲም ካርዱ ላይ ከሆነ በብዙ ስልኮች ይህ ምርጫ ጨርሶ አይወጣም፤ ስሙን አስቀድሞ በስልኩ በራሱ ላይ መመዝገብ ያስፈልጋል።

አይፎን የያዘ ሰው «ጋራዥባንድ» በተባለው የአፕል መተግበሪያ ድምፁን አስገብቶ እንደ ሪንግቶን ማውጣት ይችላል፤ ልኩም ሠላሳ ሴኮንድ ነው።

ስለ ድምፁ ምርጫ ጥቂት እንበል። የስልክ ድምፅ ማውጫ ትንሽ ስለሆነ ወፍራም ድምፅን አያወጣም፤ በመሆኑም በሠርግ ቤት ልብ የሚያስነሣ ከበሮ በስልክ ሲሰማ ተራ ትክትክታ ይሆናል። በሌላ በኩል ሰው ባረጀ መጠን በጣም ቀጭን ድምፅ ይሰወርበታል። ስለዚህ ለሽማግሌ ሰው ከሁሉ የሚሻለው በመካከሉ ያለው ነው፤ ይኸውም የሰው ንግግርና የክራር ቅኝት ነው። በእኔ አስተያየት ንግግሩ ይበልጣል። ለእያንዳንዱ ልጅ የየራሱ ድምፅ ከተሰጠ እናት ከጓዳዋ ሳትወጣ የጠራት ታላቁ ይሁን ታናሹ ታውቃለች። እርግጥ ነው፣ ለቅሶ ቤት ወይም ጸሎት ቤት ሲገባ ስልኩን ወደ ንዝረት መመለስ ያስፈልጋል፤ በእንዲህ ያለ ቦታ «አንሺው፣ አንሺው» የሚል ድምፅ ከኪስ ቢወጣ ነውሩ ከተራው ደወል የከፋ ነው።

ድምፁ በሚወጣው የማስታወሻ ካርድ ላይ ተቀምጦ ከሆነ፣ ካርዱ ሲወጣ ስልኩ ወደ ቀድሞው ደወል ይመለሳል። ስልክ ሲለወጥም ምርጫው እንደገና መደረግ አለበት። ለእናቲቱም ይህ በግልጽ ይነገራት፦ ድምፁ የሚመሰክረው ስለ ቍጥሩ እንጂ ስለ ሰውዬው አይደለም። ልጁ በሌላ ሰው ስልክ ቢደውል የሚሰማው ተራው ደወል ነው፤ ስልኩ ቢሰረቅ ደግሞ ሌባው በልጇ ድምፅ ሊጠራት ይችላል። ስለዚህ ካነሣችው በኋላ ስለ ገንዘብ ወይም ስለ ሚስጥር ቍጥር የሚጠይቃት ቢኖር፣ የልጇን አነጋገር በጆሮዋ ሳታረጋግጥ አንዳች አትመልስ። ሥራው ሲያልቅ ልጁ ወደ ደጅ ወጥቶ በራሱ ስልክ ይደውልላት፤ እርሷም መስተዋቱን ሳታይ ማን እንደ ጠራት ትናገር።