በሞተር ሳይክል ከሐይቅ ዳር እስከ ባሌ ተራራ

ሞተር ሳይክል ድሮ በከተማ ብቻ ይታይ ነበር። ዛሬ በገጠርም የተለመደ ሆኗል። የግብርና ባለሙያው በእርሱ ይመጣል። ገበያተኛው ይሳፈርበታል። ሕመምተኛም ጤና ጣቢያ ይደርስበታል። ስለዚህ የሞተር ሳይክልን ጠባይ ማወቅ ለነጂው ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ከኋላ ለሚቀመጠውም ይጠቅማል።

በጥር ወር 2011 ዓ.ም. እኔና አንድ ጓደኛዬ በሞተር ሳይክል ረጅም ጉዞ አደረግን። የተነሣነው ከአዲስ አበባ ነው፤ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ቡልጋሪያ ከሚባለው ሰፈር። የሄድነው ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና ወደ ባሌ ተራሮች ነው። አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትም። የሐይቅ ዳርቻ ግን ሞልቷታል። በየሆቴሉ አላደርንም፤ ድንኳን ይዘን ነበር። እነሆ ያየነውን እንንገራችሁ።

ከመነሣት በፊት

ጓደኛዬ መካኒክ ነው። ሞተሩም የእርሱ ነው፤ 125 ሲሲ የሚባለው ዓይነት። ይህ ትንሽ ሞተር ነው። ሁለት ሰውና አንድ ድንኳን ሲጫንበት ይከብደዋል። እኔም መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ነገር ግን አብዛኛውን መንገድ ከኋላ ነበርኩ።

በዋዜማው ዕቃችንን ወለል ላይ ዘረገፍን። ድንኳን፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ሁለት ጋቢ፣ አንድ ትንሽ ድስት፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል። ክብሪቱን በላስቲክ ጠቀለልነው። ለሞተሩ ደግሞ አንድ ትርፍ ካንዴላ፣ አንድ ትርፍ ካላማዳሪያ፣ መንፊያ፣ የጎማ መለጠፊያና የብሎን መፍቻ ያዝን። ጓደኛዬ ከባዱን ዕቃ ከታችና ወደ መሐል አሰረው። ቀላሉን ከላይ አደረገው። ከባድ ዕቃ ከላይ ወይም ከኋላ ከሆነ ሞተሩ በኩርባ ላይ ይንገዳገዳል።

ሁለታችንም ሄልሜት አደረግን። ሄልሜት ማለት ራስን ከአደጋ የሚከላከል ጠንካራ ቆብ ነው። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ሄልሜት ያደረገ ሰው በሞተር አደጋ የመሞት ዕድሉ በ42 ከመቶ ይቀንሳል። ራሱ ላይ የመጎዳት ዕድሉም በ69 ከመቶ ይቀንሳል። ግን ማሰሪያው አገጭ ሥር መታሰር አለበት። ያልታሰረ ሄልሜት ሰው ሳይወድቅ እርሱ ይወድቃል።

ከሁሉ በኋላ ጓደኛዬ አንድ ነገር አለኝ። «ከሁለታችን አንዱ ‹ቁም› ካለ ይቆማል። ክርክሩ ከቆምን በኋላ ነው።» በዚህ ተስማምተን ተኛን።

የሐይቆቹ ዳር

በአሮጌው መንገድ በአቃቂ፣ በዱከምና በቢሾፍቱ አድርገን ሞጆ ደረስን። ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጠፍን። ቆቃንና መቂን አልፈን ባቱ ገባን። ባቱ ቀድሞ ዝዋይ ይባል የነበረው ከተማ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ይርቃል።

ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ያን ያህል አይደለም። ውስጡ 5 ደሴቶች አሉ። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ያራግፉ ነበር። ፔሊካን የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣውን ትራፊ ለማግኘት ይሻማሉ። ጓደኛዬ አቧራውን ሊታጠብ ፈልጎ ነበር። እኔ «ቁም» አልኩት። በዚያ ሐይቅ ዳር ብልሃርዚያ የሚባለው በሽታ አለ። ተሐዋሲው በውኃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ይወጣና በሰው ቆዳ በኩል ይገባል። ከጉድጓድ በተቀዳ ውኃ ታጠበ።

ለመሆኑ የዚህ ሐይቅ ውኃ ከየት ይመጣል? ካታር ወንዝ ከአርሲ ተራሮች፣ መቂ ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች ይገቡበታል። ከሐይቁ የተረፈው ውኃ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢጃታ ሐይቅ ይወርዳል። አቢጃታ ግን ከ50 ዓመት በፊት ከነበረው እጅግ አንሷል። ውኃው በላይ በኩል ለመስኖ ተጠለፈ። ከሐይቁም ለሶዳ አመድ ማምረቻ ተቀዳ። ውኃው ሲያንስ ጨዉ በዛ፤ ዓሣውም አለቀ። ድሮ ሐይቁ የነበረበትን ሜዳ በሞተር አጠገቡ አለፍን። መሬቱ ነጭ ነው፤ ሣርም የለበትም። ወንዝ ጠልፎ የሚያጠጣ ገበሬ ከታች ያለውን ጎረቤቱን እንዲያስብ ይህ ሐይቅ ያስታውሰዋል።

የመጀመሪያዋን ሌሊት ላንጋኖ ሐይቅ ዳር አደርን። የላንጋኖ ውኃ እንደ ሻይ ቡናማ ነው። ድንኳኑን ከመትከላችን በፊት ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄድን።

«አባቴ፣ ለዛሬ ሌሊት እዚህ ብናድር ይፈቅዱልናል?» አልን።

«እደሩ ልጆቼ፤ መሬቱ ይበቃል። ግራሩን ብቻ አትንኩብኝ። የወደቀውን ልቀሙ» አሉን።

የወደቀውን ለቀምን። ሻይ አፍልተን ለእርሳቸውም ወሰድንላቸው። ሌሊቱን ነፋስ ተነሥቶ ድንኳኑን ሲያርገበግበው አደረ። ማዕዘኖቹን በድንጋይ ስለ ጫንናቸው ግን አልተነቀለም።

የማታ መንገድ

በማግሥቱ ሻሸመኔ ሳንደርስ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ጓደኛዬ ጎማውን ፈትቶ ካላማዳሪያውን አወጣ። ነፍቶ ውኃ ውስጥ ነከረው። አረፋ የወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ፍቆ ለጠፈው። መልሶ ከመግጠሙ በፊት ጎማውን በውስጥ በኩል በእጁ ዳሰሰ። የግራር እሾህ ተሰክቶ አገኘ። እሾሁ ሳይነቀል ቢገጠም ኖሮ ወዲያው እንደገና ይበሳ ነበር።

በዚህ ሥራ ጊዜ ሄደ። ከሻሸመኔ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን ዶዶላን ስናልፍ ፀሐይ ዘቀዘቀች። አዳባ ስንደርስ ከቀኑ 12 ሰዓት ሊሆን ነበር። ጓደኛዬ እስከ ዲንሾ ለመቀጠል ቸኮለ። በዚያ ሰዓት ከብቱ ሁሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጋሪውም መብራት የለውም። ጥቁር በሬ በጨለማ አስፋልት ላይ አይታይም። ስለዚህ «ቁም» አልኩት። ፊቱ ጠቆረ፤ ግን አቆመ። አንዲት እናት ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን እንድንተክል ፈቀዱልን። ትኩስ ወተትም ሰጡን። ጓደኛዬ ወተቱን ሲጠጣ ኩርፊያው ለቀቀው።

በሦስተኛው ቀን ዲንሾ ገባን። ዲንሾ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። ፓርኩ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የመግቢያ ከፍለን እዚያው አደርን። በማለዳ ከድንኳኑ ብቅ ስንል የደጋ አጋዘን በጥድ ሥር ቆሞ ያየናል። ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ቁመናው እንደ በቅሎ ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በሌላ አገር በዱር አይገኝም።

ሳነቴ ላይ

በአራተኛው ቀን ከጎባ ወደ ሳነቴ አምባ መውጣት ጀመርን። ሳነቴ 4,000 ሜትር ከፍታ ያለው ሰፊ ሜዳ ነው። መንገዱ ጠጠር ነው። ሽቅብ ስንወጣ ሞተሩ እየደከመ ሄደ። ጥቁር ጭስም አወጣ። ጓደኛዬ «ውረድልኝ» አለኝ። ዳገቱ ሲበረታ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ፤ እርሱ ኩርባው ላይ ይጠብቀኛል።

ለመሆኑ ሞተር በተራራ ላይ ለምን ይደክማል? ምጣድ ሥር ያለ እሳት አየር ካጣ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ሞተርም ውስጡ እሳት አለው። ቤንዚን የሚነደው ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ነው። ተራራ ላይ አየሩ ይሳሳል። በ4,000 ሜትር ላይ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው 60 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቤንዚኑ በደንብ አይነድም፤ ጉልበቱም ይቀንሳል።

የሰው ሳንባም እንደዚሁ ነው። ቆላ የለመደ ሰው ቶሎ ከፍ ወዳለ ቦታ ሲወጣ ራሱን ያመዋል። ያቅለሸልሸዋል። ሲብስ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ይህ የከፍታ ሕመም ይባላል። ቸል ከተባለ ይገድላል። ዋናው መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው።

አምባው ላይ ስንደርስ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ጅብራ እንደ ዘብ ተደርድሮ ቆሟል። ፍልፈል ከጉድጓዱ ራሱን አውጥቶ ይገባል። ከመንገዱ ማዶ አንድ ቀይ ቀበሮ መሬቱን እያሸተተ ይሄድ ነበር። ፍልፈል ምግቡ ነው። ቱሉ ዲምቱም ይታያል። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ አለው። ጓደኛዬ ዓመት ሙሉ ስለዚህ ተራራ ሲያወራ ነበር።

መገንጠያው ላይ ሲደርስ ግን ሞተሩን አቆመ። «ራሴን ፈለጠኝ፤ አስመለሰኝም» አለኝ። ከንፈሩ ጠቁሯል። ሲወርድ እግሩ ተንገዳገደ። ከዚያ በኋላ ግን «ይህን ያህል መጥተህ ጫፉን ሳታይ አትመለስ። አንተ ውጣና ና። እኔ እዚህ ጋቢ ለብሼ እጠብቅሃለሁ» አለኝ።

ጫፉ ቅርብ ነበር። ልቤም ፈልጎት ነበር። ነገር ግን በከፍታ የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም። አንድ ሰዓት ሊያብስበት ይችላል። «አሁን ደግሞ ‹ቁም› የምል እኔ ነኝ» አልኩት። መሪውን ያዝኩ። እርሱን ከኋላ አስቀምጬ በጋቢ ከወገቤ ጋር አሰርኩት። ወደ ሐረና ደን ቁልቁል ጉዞ ጀመርን።

ቁልቁለቱ ጠመዝማዛ ነው። በእንዲህ ያለ መንገድ ፍሬን ሁልጊዜ አይያዝም። ከተያዘ ይግላል፤ ከጋለ መያዙን ያቆማል። በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ ከሆነ ሞተሩ ራሱ ፍጥነቱን ይገታል። ፍሪሲዮን ሳልጨብጥ፣ ማርሽም ሳላወጣ ቀስ እያልኩ ወረድኩ። ሪራ የምትባለው መንደር ስንደርስ ጓደኛዬ ከኋላዬ «ራበኝ» አለ። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ውኃው ባሕር ይደርሳል

የዚያን ሌሊት ሐረና ደን ውስጥ ለጉዞ ሰዎች በተፈቀደው ቦታ አደርን። ዛፎቹ ሽበት አብቅለው ትልልቅ ሽማግሌ ይመስላሉ። ነዋሪው ቀፎውን ከዛፍ ላይ ይሰቅላል። ዝቅ ካለው ቦታ ማንም ያልተከለው ቡና ይበቅላል። ጓደኛዬ በሶውን በጥብጦ ጠጣና እንደ ሕፃን ተኛ።

ከድንኳናችን አጠገብ ጅረት ይፈስ ነበር። ከዚህ ደን የሚወጡ ጅረቶች ወደ ወልመል ወንዝ ይገባሉ። ወልመል ከገናሌ ጋር ይቀላቀላል። ገናሌ ጁባ ተብሎ በሱማሌ አገር ያልፋል። በመጨረሻም ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። ሳነቴ ላይ የሚወርደው ዝናብና ጤዛ በደረቅ አገር ያለውን ሰውና ግመል ያጠጣል። ደኑ ቢመነጠር የሚጠማው ሩቅ ያለ ሰው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ውሻ እንንገራችሁ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የሚገኘው በኢትዮጵያ ተራሮች ብቻ ነው። ለአቅመ መራባት የደረሱት ከ500 አይበልጡም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ ናቸው። በ1996 ዓ.ም. መጀመሪያ የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሾች ተላልፎ ብዙዎቹን ፈጀ። ይኸው በሽታ ሰውንም ይገድላል። ክትባት አለው። ውሻውን ያስከተበ ልጁንም፣ ከብቱንም፣ ቀበሮውንም አዳነ ማለት ነው።

ለተጓዥ የሚጠቅም

ሄልሜታችሁን እሰሩ፤ ከኋላ የምትቀመጡም ጭምር።

ሲመሽ አትንዱ።

ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት የአገሩን ሰው አስፈቅዱ።

እሳታችሁን በውኃ አጥፉ፤ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

በከፍታ ላይ ራሱን ያመመውን ሰው ወደ ታች አውርዱ፤ ብቻውን አትተዉት።

ከጓደኛችሁ ጋር «ቁም» በሚለው ቃል ተስማሙ።

ቱሉ ዲምቱ እስካሁን እዚያው ነው። ተራራ ቀጠሮ አያፈርስም። ጓደኛዬም ደኅና ነው፤ ሌላ ጊዜ ቀስ ብለን፣ ዲንሾ ሁለት ቀን አርፈን፣ ሳንባችንን አለማምደን አብረን እንወጣዋለን።