ከዘፈን የተወረሰ ስም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ የአንዳንድ የሙዚቃ ቡድኖችን ስም ግን ዘፈን ያወጣዋል።

እኔ «ሮሊን ስቶን» የተባለው ዘፈን የእንግሊዞቹ የ«ሮሊንግ ስቶንስ» ነው ብዬ ከጓደኛዬ ጋር ተከራክሬ ተረታሁ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ኖሯል። ጥቁር አሜሪካዊው ማዲ ዋተርስ ዘፈኑን በቺካጎ ከተማ በሸክላ ያስቀረጸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ነው፤ የሎንዶን ወጣቶች ስሙን ለቡድናቸው የወሰዱት በ1962 ነው። እንዲሁም «ራዲዮሄድ» የተባለው የእንግሊዝ ቡድን በ1991 ስሙን ያገኘው «ቶኪንግ ሄድስ» ከተባሉት አሜሪካውያን ዘፈን ነው።

እንግዲህ ስም ወራሹ ከአውራሹ ይልቅ ሲገን፣ እንደ እኔ ያለው አላዋቂ ባለቤቱን ይረሳል። ወራሾቹ ግን አልረሱም፤ በ1981 ቺካጎ ሄደው ከሽማግሌው ጋር በአንድ መድረክ ዘፈኑ። እኛም ስም ስንሰማ «ከማን ተገኘ?» ብለን እንጠይቅ።