ያሳደጉት ሁሉ በሕግ ልጅ ነው? ስለ አደራ ቤተሰብና ጉዲፈቻ ተረትና እውነታ

በትግራይ የነበረው ጦርነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመ ስምምነት ቢቆምም፣ መቀሌ ውስጥ ከወላጆቻቸው ተለይተው በአክስት፣ በአያት ወይም በጎረቤት ቤት የሚያድጉ ልጆች አሉ። እነዚህን ልጆች ያስጠጋቸው የሰው ደግነት ነው። መብታቸውን የሚያጸናላቸው ግን ሕግ ነው። ትግራይ የራሷ የቤተሰብ ሕግ ስላላት ዝርዝሩን ከከተማው ፍርድ ቤት መጠየቅ ይገባል፤ እዚህ የሚጠቀሱት አንቀጾች የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ናቸው።

ተረት፦ ከዘመድ ጋር ውል ከተፈራረሙ ጉዲፈቻው አልቋል።

እውነታ፦ በአንቀጽ 194 መሠረት ፍርድ ቤት ያላጸደቀው የጉዲፈቻ ውል አይጸናም። ዳኛው የልጁን ጥቅም ይመረምራል፣ የልጁንም ሐሳብ ይሰማል። አንዲት አክስት የሟች እህቷን ልጅ ለዓመታት አሳድጋ ድንገት ብታርፍ፣ የውርስ ፋይል በተከፈተ ዕለት ልጁ የሚያቀርበው የፍርድ ቤት ውሳኔ የለውም። ጉዲፈቻው ጸድቆ ቢሆን ኖሮ እንደ አብራክ ልጅ ይቆጠር ነበር።

ተረት፦ አደራ ቤተሰብና ጉዲፈቻ አንድ ናቸው።

እውነታ፦ አደራ ቤተሰብ ልጁን ለጊዜው ተቀብሎ ይንከባከባል፤ ልጁ ወደ ቤተሰቡ ሊመለስ ይችላል፣ የአሳዳጊው ወራሽም አይሆንም። ጉዲፈቻ ግን የወላጅና የልጅ ዝምድና ይፈጥራል። ያም ሆኖ ከትውልድ ቤተሰብ ጋር ያለውን ትስስር አይበጥስም (አንቀጽ 183)።

ተረት፦ ወላጅ ያጣ ልጅ ቶሎ ማሳደጊያ ይግባ።

እውነታ፦ የአገሪቱ የመጀመሪያ የኤስ ኦ ኤስ የሕፃናት መንደር የተቋቋመው መቀሌ ስለሆነ፣ ማሳደጊያ ለከተማው እንግዳ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ግን ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ ያደርገዋል። አስቀድሞ ዘመድ ይፈለጋል፤ በጦርነት የጠፋ ወላጅ ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለምና።

ተረት፦ የ2010 ዓ.ም. አዋጅ ጉዲፈቻን ከለከለ።

እውነታ፦ አዋጅ ቁጥር 1070/2010 የዘጋው የውጭ ዜጎችን በር ነው። ውጭ አገር የተወሰዱ ሕፃናት በደልና የማንነት ቀውስ ይደርስባቸዋል የሚለው ስጋት ለእገዳው ምክንያት ሆኗል። የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ ዛሬም ክፍት ነው።

የሌላ ሰው ልጅ እያሳደጉ ከሆነ በወረዳዎ የሕፃናትን ጉዳይ ለሚከታተለው ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ፤ ጉዲፈቻ ከፈለጉም ለፍርድ ቤት ያመልክቱ። ይህን ዛሬ፣ እርስዎ በሕይወትና በጤና ሳሉ ካደረጉት፣ ልጁ ነገ መብቱን ለማስከበር ምስክር ፍለጋ አይንከራተትም።