ወርቁ ካለቀ በኋላ ምን ይቀራል?

ከስቶክሆልም ወጣ ብሎ ገጠሩን ያየ ወገናችን ሁሉ እነዚያን ቀያይ የእንጨት ቤቶች ያውቃቸዋል። ቀለማቸው ከየት እንደ መጣ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ቀለሙ የሚሠራው ከፋሉን የመዳብ ማዕድን ከተረፈ፣ አየርና ውሃ ካዛገው ጥራጊ ነው። ፋሉን በ17ኛው መቶ ዘመን ለአውሮፓ እጅግ ብዙ መዳብ ያቀረበ ሲሆን የተዘጋው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1992 ነው።

ድንጋዩ የተፈጠረው ከ1.9 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። በእሳተ ገሞራ የጋለ የባሕር ውሃ ከዓለቱ ውስጥ ብረታ ብረቱን እያጠበ ወጣ፤ ሲቀዘቅዝም ብረታ ብረቱ ከድኝ ጋር ተጣምሮ ረጋ። መዳቡን የያዘው ካልኮፓይራይት፣ ዚንኩን የያዘው ስፋለራይት፣ እርሳሱን የያዘው ጋሌና ይባላል። ከሁሉም የሚበዛው ፓይራይት ነው። ወርቅ ይመስላል እንጂ ብረትና ድኝ ብቻ ነው።

የዚህ ድንጋይ ዘመዶች በእኛም አካባቢ አሉ፤ በኤርትራ ቢሻ፣ በትግራይ ተራክምቲ። እዚያ ዝናብና አየር የላይኛውን ድንጋይ ለረጅም ዘመን ሲያበሰብሱት ወርቁ ከላይ ቀረ፤ መዳቡ ሟሙቶ ወደ ታች ወረደና ተከማቸ፤ ዚንኩ ከሥር ሳይነካ ቆየ። ቢሻም የተቆፈረው በዚሁ ተራ ነው፤ ወርቁ ከ2011፣ መዳቡ ከ2013፣ ዚንኩ ከ2016 ጀምሮ። በማዕድኑ በግዳጅ ሠራን ያሉ ኤርትራውያን ኔቭሰን የተባለውን የካናዳ ኩባንያ ከሰሱ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2020 ክሱ ይቀጥል ብሎ ወሰነ፤ ጉዳዩም በዚያው ዓመት በስምምነት አለቀ።

በተራክምቲ በ2017 የተሰጠው የማምረት ፈቃድ የላይኛውን ወርቅ የሚመለከት ነው። ወገኖቼ፣ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ወርቁ ቶሎ ያልቃል፤ ከሥር ያለው ፓይራይት ግን ይቀራል። ተቆፍሮ ለአየርና ለውሃ ከተጋለጠ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም መዳቡንና ዚንኩን እያሟሟ ወደ ወንዝ ይወስዳል። ፋሉን ከተዘጋ ከ30 ዓመት በላይ ቢሆነውም የማዕድኑ ውሃ ዛሬም እየተቀዳ ይጣራል። ስዊድን ለዚህ የሚሆን ገንዘብና ባለሙያ አላት። በትግራይ ከዚያ ምንጭ የሚጠጣው ገበሬ ግን ማን አለው?

ስለዚህ ስለ ማዕድን ሀብታችን በተወራ ቁጥር ስንት ኪሎ ወርቅ ወጣ ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ጥራጊው የት ይቀመጣል? ውሃውን ማን ይመረምራል? ለመዝጊያ የሚሆነው ገንዘብ ቁፋሮው ሳይጀመር ተቀምጧል? ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገሬ ሰው።