ቀበርቾን እየነቀልን እስከ መቼ?

ከመርካቶ እስከ ወረዳ ገበያ ድረስ ዕጣንና ወገርት ከሚሸጡ እናቶች ዘንድ ቀበርቾ አይጠፋም። ጠንካራ፣ ጠረኑ ከሩቅ የሚታወቅ ሥር ነው። አንዳንዱ ራሱን ሲያመው ወይም ምች ሲመታው ይታጠነዋል። ሌላው ለአራስ ቤት ይገዛዋል፣ ትንኝና እባብ ለማባረር የሚያጨሰውም አለ። ግን ይሄ ሥር ከየት እንደሚመጣ ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን?

ዛሬ ስለ እሱ እናውራ።

ቀበርቾ ከኢትዮጵያ ውጪ በተፈጥሮ የማይገኝ፣ የእኛው ብቻ የሆነ ተክል ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ራሱ ኢኪኖፕስ ቀበርቾ ይባላል። የመጀመሪያው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን ጃርት የሚመስል ማለት ነው፤ ሁለተኛውን ግን ከእኛው አፍ ነው የወሰዱት። ስያሜውን ለሳይንሱ ዓለም ያስመዘገቡት ኢትዮጵያዊው የእጽዋት ተመራማሪ መስፍን ታደሰ ናቸው።

ዘመዶቹን በደንብ ታውቋቸዋላችሁ። አደይ አበባ፣ ኑግ፣ ሱፍ፣ ግራዋ፣ ሰላጣ ሳይቀር ከእሱ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ቀበርቾ እሾሃም ቅጠልና ድቡልቡል አበባ አለው። ያ አንድ የሚመስለው ድቡልቡል በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?

ችግሩ የምንፈልገው ሥሩን መሆኑ ነው። ግራዋ ቅጠሉን ብትቀጥፉት መልሶ ያቆጠቁጣል። ቀበርቾ ግን ከነሥሩ ተቆፍሮ ሲወጣ አለቀለት። እንደ ኑግ በየዓመቱ ተዘርቶ የሚታጨድ ሳይሆን ለዓመታት መሬት ውስጥ እየወፈረ የሚኖር ተክል ነው። ዘሩ ሳይበስል ከተነቀለ ደግሞ የሚተካውም የለም። ገበያ ላይ የሚደረደረው ሥር በአብዛኛው ከዱር የተቆፈረ ነው። ጫካ ገብቶ በነጻ የሚቆፍር እያለ ማን ዓመታት ጠብቆ ይተክላል? ነገሩ እዚህ ጋ ነው የተቋጠረው።

መፍትሔው ማልማት ነው፤ መንገዱም አለ። አንደኛው ዘር ነው። ድቡልቡሉ አበባ ደርቆ መበተን ሲጀምር ዘሩን መሰብሰብ፣ ፀሐይ በሚያገኝና ውሃ በማይተኛበት ቦታ አፈር ሳያበዙበት መዝራት። ችግኝ በፕላስቲክ ከተፈላ ሥሩ ሳይረዝም ወደ ቦታው ማዛወር ይሻላል፤ ወደ ታች የሚሰድ ሥር ከቆየ በኋላ ሲነካ አይወድም። ሁለተኛው የሥር ቁራጭ ነው። አውሮፓ ውስጥ ለውበት የሚተከሉት የቀበርቾ ዘመዶች በሥር ቁራጭ ይራባሉ፤ ጓሮው ላይ ያለው ገበሬም ይህንኑ በቀበርቾ ሊሞክረው ይችላል። የአገራችን ተመራማሪዎችም በቤተ ሙከራ በቲሹ ካልቸር የማባዛት ሥራ ሠርተዋል።

ሥሩ እስኪደርስ ድረስ ደግሞ ባዶ እጅ መቀመጥ የለም። ቀበርቾ ሲያብብ ንብ ይወደዋል፤ ቀፎ ያለው ሰው ጥቅሙ ይገባዋል።

ከዱር ለሚቆፍሩም አንድ ነገር እንበል። ሁሉንም አትንቀሉ። ዘር የያዙትን ተዉ፣ የደረቀውን አበባ እዚያው ጉድጓዱ አካባቢ በትኑ። ምንም ወጪ የለውም።

ሳንረሳ፦ ተመራማሪዎች በሥሩ ዘይት ውስጥ ጀርም የሚቋቋሙ ንጥረ ነገሮች አግኝተዋል። ይህ ማለት ግን ጭሱ የወባ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። ትኩሳት ካለ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የተዘጋ ቤት ውስጥ ጭስ ማብዛትም ለአራሷም ለጨቅላውም ጥሩ አይደለም።

ኑግ ዛሬ ማሳ ላይ የምናየው አያቶቻችን ከዱር አምጥተው ስላለመዱት ነው። ቀበርቾንም ማሳ ላይ ማድረስ የእኛ ተራ ነው፤ ዱሩ ሳያልቅ።

እናንተ አካባቢ ቀበርቾ ጓሮው ላይ የተከለ ሰው አለ? እንዴት እንዳለማው ጻፉልን፣ ለሌላው እናደርሳለን።