ሳይገኝ የታወቀው ብረት

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1875 ፖል ኤሚል ሌኮክ ደ ቧቦድራን የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ከፒሬኔ ተራሮች የወጣ የዚንክ ማዕድን እየመረመረ ነበር። ብርሃንን በሚተነትነው መሣሪያው ውስጥ ከዚያ በፊት ያልታወቁ ሁለት ወይን ጠጅ መስመሮች ታዩት። አዲስ ንጥረ ነገር ነው፤ ጋሊየም አለው። ከብረቱ ጥቂት አጠራቅሞ እፍግታውን ሲለካ በኩብ ሴንቲ ሜትር 4.7 ግራም ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ጋሊየምን በዓይኑ አይቶ ከማያውቅ አንድ ሩሲያዊ እርማት መጣ፤ ልኬቱ ወደ 5.9 መሆን አለበት የሚል። ሌኮክ ናሙናውን በጥንቃቄ አዘጋጅቶ እንደገና ለካው። 5.9 ሆነ።

ሩሲያዊው ዲሚትሪ ሜንዴሌዬቭ ነው። በ1869 እስከዚያ የታወቁትን 63 ንጥረ ነገሮች በአቶማቸው ክብደት ቅደም ተከተል ሲደረድር፣ ጠባያቸው በየተወሰነ ርቀቱ እየተመለሰ እንደሚመጣ አስተዋለና የሚመሳሰሉትን በሰንጠረዥ አንድ ላይ መደባቸው። ድፍረቱ የታየው ግን ለቦታው የሚስማማ ሲያጣ ነው፤ ሌላ ከመሸጎጥ ይልቅ ክፍት ተወው። ከአሉሚኒየም ቀጥሎ ላለው ክፍት ቦታ፣ የአቶም ክብደቱ ወደ 68 የሚሆን፣ በቀላሉ የሚቀልጥ፣ ሁለት አቶሙ ከሦስት ኦክስጅን ጋር የሚዋሃድ ብረት ይመጣል ብሎ ጻፈ። የጋሊየም ክብደት 69.7 ነው፤ የሚቀልጠውም በ29.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በሰው መዳፍ ላይ።

ሰንጠረዡን እንደ ዳዊት በቃል ከማስደገም፣ ትምህርቱ ከእነዚህ ባዶ ቦታዎች ቢጀመር ይሻል ነበር እላለሁ።

ሜንዴሌዬቭ ሕጉን ያግኘው እንጂ ምክንያቱን አላወቀም። እንዲያውም በክብደት ቢሄድ አዮዲን ከቴሉሪየም መቅደም ነበረበት፤ እሱ ግን ጠባያቸውን አይቶ ገለበጣቸው። ትክክል መሆኑ የታወቀው በ1913 ነው። ወጣቱ እንግሊዛዊ ሄንሪ ሞዝሊ በኤክስሬይ ሙከራው የእያንዳንዱን ንጥረ ነገር ተራ የሚወስነው ክብደቱ ሳይሆን በአስኳሉ ያለው የኤሌክትሪክ ሙል፣ ዛሬ የፕሮቶን ቁጥር የምንለው፣ መሆኑን አሳየ፤ ቴሉሪየም 52፣ አዮዲን 53። (ሞዝሊ ከሁለት ዓመት በኋላ በ27 ዓመቱ ጋሊፖሊ ላይ በጦርነት ሞተ።) የመመሳሰሉ ምሥጢር ደግሞ ከውጭ ባሉት ኤሌክትሮኖች ላይ ነው። አሉሚኒየምም ጋሊየምም በውጨኛው ምህዋር ሦስት ሦስት አላቸው፤ ከኦክስጅን ጋር የሚዋሃዱበት መጠን አንድ የሆነው ለዚህ ነው።

ዛሬ ሰንጠረዡ 118 ንጥረ ነገሮችን ይዟል። በዙሪያችን ያለው ነገር ሁሉ ከእነዚህ የተሠራ ቢሆንም፣ አብዛኛው ብቻውን የቆመ ንጥረ ነገር አይደለም። ጋሊየም ራሱ የንጥረ ነገርን፣ የውህድንና የድብልቅን ልዩነት ያሳያል። ከናይትሮጅን ጋር አንድ ለአንድ ሲዋሃድ ጋሊየም ናይትራይድ የተባለ ጠጣር ክሪስታል ይሆናል። ይህ ውህድ ነው፤ መዳፍ ላይ የሚቀልጠው ብረትም፣ የምንተነፍሰው ጋዝም ጠባያቸው በውስጡ አይገኝም። ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠው የኤልኢዲ አምፖል የተሠራው በዚህ ውህድ ነው፤ ሦስት የጃፓን ተወላጅ ሳይንቲስቶችም በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ጋሊየምን ከኢንዲየምና ከቆርቆሮ ጋር አቅልጠን ብንቀላቅል ግን የምናገኘው ድብልቅ ነው፤ መጠኑን እንደፈለግን ማብዛትና ማሳነስ እንችላለን። በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ ስለሚቆይ በአንዳንድ ቴርሞሜትሮች ውስጥ መርዘኛውን ሜርኩሪ ተክቷል።

ጋሊየም ለብቻው የሚቆፈርበት ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል። በብዛት የሚገኘው ቦክሳይት ተጣርቶ አሉሚኒየም ሲዘጋጅ፣ በጎን ተለይቶ ነው። በሰንጠረዡ የተጎራበቱት በመሬት ውስጥም አብረው መኖራቸው ነው። ጉርብትናው ግን ሰላማዊ አይደለም፤ የቀለጠ ጋሊየም አሉሚኒየም ላይ ካረፈና የኦክሳይድ ሽፋኑን ካለፈ በብረቱ ቅንጣቶች መካከል ሰርጎ እንደ ደረቅ ብስኩት ተሰባሪ ያደርገዋል። የብዙ አውሮፕላኖች አካል በአብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ፣ ጋሊየም በአየር ሲጫን ከአደገኛ ዕቃዎች ተመድቦ በልዩ ማሸጊያ ይጓዛል።