አንዱ ጀሪካን ለአፍ፣ አንዱ ጀሪካን ለእጅ

  

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ውሃ ነው። ዝናብ ሲጠፋና ምንጭ ሲደርቅ፣ ቤት ያለውን ጥቂት ውሃ እንዴት እናብቃቃው? አበው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። እኛም ውሃው ሳያልቅ እንማማር።

ድርቅ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1966 ዓ.ም.፣ በ1977 ዓ.ም. እና በ2008 ዓ.ም. መጥቶ ነበር። በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ብዙ ሕዝብ ወደ መጠለያ ገባ። በዚያ የሞተው ሰው ሁሉ በረሃብ ብቻ አልሞተም። ተቅማጥ፣ ኩፍኝና ተስቦም ጨረሱት። ውሃ ሲያንስ ሰው እጁን መታጠብ ይተዋል። ያገኘውን ኩሬ ይጠጣል። ያን ጊዜ በሽታ ይገባል።

ስለዚህ ውሃ መቆጠብ ማለት ሁሉንም መቀነስ አይደለም። የሚቀነሰውንና የማይቀነሰውን መለየት ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ትልቅ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። በአንድ ቤት 6 ሰዎች አሉ እንበል። በቀን የሚያገኙት 2 ጀሪካን ነው። ለመጠጥና ለምግብ ብቻ አንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ያህል ያስፈልገዋል። 6 ጊዜ 3 ስንት ነው? 18 ሊትር። አንዱ ጀሪካን አለቀ ማለት ነው። እንግዲህ አንዱ ጀሪካን የአፍ ነው። ሁለተኛው የእጅና የዕቃ ነው። ሁለቱን አትቀላቅሉ።

በመጀመሪያ የአፍን ውሃ እንጠብቅ።

የአፍ ጀሪካን ሁልጊዜ ክዳን ይኑረው። ከውስጡ የሚቀዳው በማዘንበል ነው። በእንስራ ወይም በጋን ከሆነ ረጅም እጀታ ባለው መቅጃ ቅዱ። ጣት ውሃው ውስጥ አይግባ። እንስራ ውጭ ውጭው ያልበዋል። ውሃውን የሚያቀዘቅዘው ያ ላብ ነው። ላቡ ግን የእናንተው ውሃ ነው። በድርቅ ጊዜ እንስራውን ጥላ ሥር አኑሩ፤ ለቀኑ መጠጥ የሚበቃውን ብቻ አድርጉበት። ሌላው ጀሪካን ውስጥ ይቆይ።

ውሃው የኩሬ ወይም የወንዝ ከሆነ አጥልላችሁ አፍሉት። ማገዶ ከሌለ ሌላ መላ አለ። ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ እንዲጠል አድርጉ፤ በንጹሕ ጨርቅም አጥልሉት። ባዶ ሃይላንድ እጠቡና ሙሉት። ክዳኑን ግጠሙ። ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ አጋድሙት። ሰማዩ ደመና ከሆነ 2 ቀን ይቆይ። ፀሐይዋ ተዋስያኑን ትገድላለች። የደፈረሰ ውሃ ግን በዚህ መንገድ አይጸዳም።

ቀጥሎ የእጅን ውሃ እንመልከት።

«ውሃ ጠፍቶ እጅ መታጠብ ምንድን ነው?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ይህ ነው፤ ያልታጠበ እጅ ልጅን ያስቀምጠዋል። ተቅማጥ ደግሞ ከልጁ ሰውነት ውሃ ያወጣል። ያጣችሁት ያን ጊዜ ውሃ ብቻ አይሆንም።

ትንሽ የዘይት ጀሪካን ውሰዱ። ከታች በኩል በምስማር ብሱት። ቀዳዳውን በቀጭን እንጨት ወትፉት። በር አጠገብ ስቀሉት። እንጨቱን ነቀል፣ ክዳኑን ላላ ስታደርጉ ቀጭን ውሃ ይወርዳል። ሳሙና ከሌለ አመድ አለ። ከሽንት ቤት ስትመለሱ፣ ልጅ ካጸዳችሁ በኋላ፣ ሊጥ ከማቡካትና ልጅ ከማብላት በፊት ታጠቡ። ይህን አትቀንሱ።

ታዲያ የሚቀነሰው የትኛው ነው? አንድ ጊዜ ተሠርቶበት የሚደፋው ነው። ጥራጥሬ የታጠበበትን ውሃ ለዶሮና ለጥጃ ስጡ። ዕቃ የተለቀለቀበትን ለጎመን ሥር አፍስሱ። ልብስ ስታጥቡ ነጩን አስቀድሙ፤ በዚያው ውሃ ጥቁሩን እጠቡ። የቀረውን ለጭቃ ማቡኪያ ወይም ለሽንት ቤት አድርጉት። ሽምብራና ባቄላ ማታ ዘፍዝፋችሁ እደሩ። ቶሎ ይበስላል፤ በመንተክተክ ብዛት የሚጠፋው ውሃም ይቀንሳል።

በድርቅ ዓመትም አንዳንድ ቀን ዝናብ ጠብ ይላል። ቆርቆሮ ቤት ካላችሁ ያን ቀን አትለፉት። ጣራው 5 ሜትር በ6 ሜትር ቢሆንና 1 ሳንቲ ሜትር ዝናብ ቢጥል 300 ሊትር ይወርዳል። ጥቂቱ ቢባክን እንኳ 12 ጀሪካን ይሞላል። አሸንዳውን ቀድማችሁ አዘጋጁ። የመጀመሪያው ውሃ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ለአፍ አይሁን።

ልጅ ሲያስቀምጠው አንዳንድ ሰው ውሃ ይከለክለዋል። ይህ ስሕተት ነው። ጡት የሚጠባ ይጥባ። ከጤና ኬላ «ለምለም» የሚባለውን ዱቄት ተቀበሉ። ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን አንብባችሁ በንጹሕ ውሃ በጥብጡ። ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ መምህር ነኝ። ውሃ በጠፋበት ወር በክፍል ውስጥ ስም ስጠራ «አቤት» የማይሉት አብዛኛውን ጊዜ ልጃገረዶች ናቸው። የት ሄዱ? ውሃ ሊቀዱ። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ይመዝናል። ያን በጀርባ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ነው። ከቤታችሁ በከንቱ የሚደፋ አንድ ጀሪካን የአንዲት ልጅ የግማሽ ቀን ትምህርት ሊሆን ይችላል። አባቶችና ወንድሞችም ሸክሙን ይካፈሉ። አህያ ካለችም ትጫን።

በመጨረሻም የተማራችሁትን ፊደልና ቁጥር ሥራ ላይ አውሉት። ደብተር ከሌለ በግድግዳ ላይ በከሰል ጻፉ። ሦስት መስመር ይበቃል፤ ቀኑ፣ የቀዳነው፣ ያደረው። በሳምንቱ ውሃው የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ።

2 ጀሪካን ለ6 ሰው ይበቃል አላልኳችሁም። አይበቃም። በአደጋ ጊዜ እንኳ ዕርዳታ ሰጪዎች የሚያቅዱት ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው። ይህም ለ6 ሰው 4 ጀሪካን ተኩል ይሆናል። ቁጠባ የጉድጓድን ቦታ አይተካም። ስለዚህ ጽሑፋችሁን ከጎረቤቶቻችሁ ጽሑፍ ጋር አስተያይታችሁ ወደ ቀበሌ ሂዱ። «ውሃ የለንም» ብቻ አትበሉ። «ለ6 ሰው 2 ጀሪካን፣ ይኸው የወር ጽሑፍ» በሉ። በቃል የተነገረ ይረሳል። የተጻፈ ግን ይጠየቅበታል።

በሉ፣ እስከሚቀጥለው ትምህርት ደኅና ሁኑ።

ጥያቄዎች
1. የማይቀነሱት የውሃ ጥቅሞች የትኞቹ ናቸው?
2. በቤታችሁ ስንት ሰው አለ? ለመጠጥና ለምግብ በቀን ስንት ሊትር ያስፈልገዋል?
3. ትናንት የቀዳችሁትንና ያደረውን ውሃ ጻፉ።